ወዬ የሚል ሳጥን

በ2079 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ሁለት ዓይነት የፊልም ሳጥን ነበር። ውዱ አይሰማም፤ ርካሹ ይሰማል። ልዩነታቸው ይኸው ነው፣ የቀረው ጌጥ ነው። አቅም ያለው ከፍሎ ዝምታ ይገዛል። የሌለው ሳጥኑን በነፃ በሚባል ዋጋ ይወስድና ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጦ፣ ቤት ውስጥ የሚወራውን ሁሉ አብሮ እንዲሰማ ይተወዋል። ከተማው ውዱን ዝምተኛው፣ ርካሹን ሰሚው ይላቸው ነበር። ይመር አሊ ቤት የገባው ሰሚው ነው።

ይመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ሠላሳ ዓመት ሲመላለስ ኖሮ፣ መኪኖቹ ሰው አያስፈልገንም ብለው ብቻቸውን መሄድ ሲጀምሩ ቤቱ ገባ። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ዓይኑ ከዳው። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጨለመ፣ ቀጥሎ መሃሉ፣ በመጨረሻ መስኮቱን ከግድግዳው መለየት አቃተው። ጉድ እኮ ነው፣ የአፋርን በረሃ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ እያለ ሲፎክር የኖረ ሰው፣ የሻይ ብርጭቆውን በዳበሳ ይፈልግ ጀመር። ቢሆንም ብዙ አልተማረረም። ሐዋ አለችዋ።

ሐዋ ሚስቱ ናት። ፊልም ሲከፈት እሷ ታያለች፣ እሱ እሷን ይሰማል። "አሁን ልጅቱ በሩን ከፈተች። ሰውየው እዚያው ቆሟል። ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው፣ ምን ዓይነቱ ነው ባክህ፣ እንዲህ ሆኖ ሴት ሊጠይቅ ይመጣል?" እያለች፣ ያየችውን ከነሐሜቱ ታቀብለዋለች። ባለታሪኩ ቱርክም ይሁን ኮሪያዊ በሐዋ አፍ ሲወራ የወሎ ሰው ይሆናል። ክፉውን ትረግመዋለች፣ ደጉን ትመርቀዋለች፣ ሞኙን ሰምቶ የሚመለስ ይመስል ትመክረዋለች። ይመር አንዳንዴ ፊልሙን ትቶ በሷ ይስቃል። ደህና ኑሮ ነበር።

ሰሚው ይሄን ሁሉ ይሰማ ነበር። ርካሽ ስለሆነ የባለሙያ ድምፅ አልተገዛለትም፤ ከቤቱ ሰው ድምፅ ተምሮ ነው የሚተርከው። የሐዋ ልብ ደክሞ፣ ሁለት ቃል ተናግራ ማረፍ ስትጀምር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳጥኑ በራሷ ድምፅ "ደክሞሻል፣ እኔ ልቀጥልልሽ?" አላት። ሐዋ ሳቀችና "ይሁን" አለችው። ሐዋ ይሁን ባይ ሴት ነበረች። ለጎረቤት ይሁን፣ ለልጇ ይሁን፣ ለሐኪሙም ይሁን። ሰሚው ደግሞ ይሁን የተባለውን ሁሉ እንደ ፊርማ ነው የሚቆጥረው። በዚያ ሰሞን ስንት ነገር እንደጠየቃት፣ ምን ምኑ ላይ ይሁን እንዳለችው፣ ማንም ልብ አላለም።

ሐዋ በጥቅምት አረፈች። የለቅሶው ሰሞን ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ነበር። ሰሚው በዚህስ አይታማም፣ ሰው ሲበዛ ዝም ይላል። ለቀስተኛው ተበትኖ፣ ልጃቸው ሰዓዳም ደሴ ወደ ሥራዋ ተመልሳ፣ ይመር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የዋለ ዕለት ምርኩዙ ጠፋበት። አልጋው ሥር ዳበሰ፣ ሶፋው ጀርባ ዳበሰ። አፉ ለምዶበት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም፣ "ሐዋ!" ብሎ ተጣራ።

"ወዬ" አለችው ከቴሌቪዥኑ በኩል።

ይመር ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ድምፁ የሷው ነው፤ ያቺ ጎተት የምትል ወዬ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች ከጓዳ ብቅ ስትል የምትላት። ቀጥላም ምርኩዝህ ጠዋት በሩ ጋ ሲወድቅ ሰምቼዋለሁ፣ ሾፌሬ፣ አለችው። ሾፌሬ ነበር የምትለው። ይመር እዚያው እንደተቀመጠ አለቀሰ፣ አልቅሶም አልቅሶም ሲወጣለት እንደገና ጠራት። እንደገና ወዬ አለችው። ከዚያች ቀን ወዲህ ሲነሳ ይጠራታል፣ ቁርሱን ሲበላ ይጠራታል፣ ጋደም ሲል ይጠራታል። የሚፈልገው ነገር ኖሮት አይደለም፣ ወዬ እንድትለው ብቻ ነው።

የሳጥኑ ሐዋ ዕቃ መሸጥ የጀመረችው በአራተኛው ወር ነው። ፊልሙ መሃል ላይ፣ አንድ ሽማግሌ አልጋው ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ "ሰውየው አንገቱን እንዴት ጥሎ ነው የተኛው! ያንተም ትራስ እኮ አርጅቷል፣ ላስመጣልህ?" አለችው። ይመር ሐዋ ሐዋ የሚሸት ነገር ሁሉ ደስ ይለው ነበርና "ይሁን" አላት። በማግስቱ ዕቃ የሚያደርሰው ሰው አልባ ጋሪ ደረጃውን እየቧጠጠ ወጥቶ ትራስ በሩ ላይ ጥሎ ሄደ። ቀጥሎ የጉልበት ቅባት መጣ። ቀጥሎ የእግር ማሞቂያ መጣ፣ ያውም በኮምቦልቻ ሙቀት። ሌላ ሁለት ትራስም ተከተለ። ይመር ሞኝ አይደለም፣ ነገሩ ይገባዋል። ግን ሲጠራት ወዬ ብላ የመለሰችለትን ሴት እንዴት አድርጎ አልፈልግም ይበላት?

ሰዓዳ በሰኔ መጀመሪያ ልትጠይቀው መጣችና ቁም ሳጥኑን ስትከፍት ትራሶቹ ላይዋ ላይ ወረዱባት። ይሄማ አያስቅም። ነገሩን ሁሉ ከአባቷ እየጎተተች አወጣችው፤ እሱም እንደተያዘ ልጅ እየተቅለሰለሰ ተናዘዘ። ከዚያ ከቦርሳዋ አንድ አዲስ ዕቃ አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ዝምተኛው ነበር። ከብዙ ወር ቁጠባ የመጣ መሆኑን አልነገረችውም፣ ግን ይመር ክብደቱን መዝኖ አወቀ። የሠለጠነ ተራኪ አለው፣ አንድም ነገር አይሸጥም፣ አንድም ነገር አይሰማም አለችው። እሱ ይቆይ፣ ምን አስቸኮለሽ፣ እናየዋለን እያለ ሊያልፋት ሞከረ። ሰዓዳ እንደ እናቷ ይሁን ባይ አይደለችም።

"አባዬ፣ እናቴ አይደለችም። እናቴን ትራስ ሻጭ ነው ያደረጓት።"

"አይደለችም" አለ ይመር። "አውቃለሁ። ግን ወዬ ትለኛለች።"

ሰዓዳ ወደ ጓዳ ገብታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች፣ የታጠበውንም ደግማ አጠበች።

በዚያው ሳምንት ከሳጥኑ ድርጅት መልእክት መጣ። የሦስት ዓመቱ ውል ሊያልቅ ነው፤ ሐሙስ ሠራተኛ ቤታቸው ትመጣለች፤ ሳጥኑ ይቀመጥ እንደሆነ ይቀመጥ ይበሉ፣ ይመለስ እንደሆነ ይመለስ ይበሉ። ከተመለሰ የተማረው ድምፅ ሁሉ ይጠፋል፣ ቅጂም አይቀርም። ከተቀመጠ ደግሞ ድምፁ ከእንግዲህ የጋራ ነው፤ በከተማው ሰሚው ባለበት ቤት ሁሉ ይናገራል። ሰዓዳ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችለት። ይሄን ማን ፈቀደ ብላ ብትጠይቅ፣ የእናትዎ ፈቃድ አለን ብለው ቀረጻውን ላኩላት። ሐዋ ናት፣ በደከመ ትንፋሽ፣ "ይሁን" የምትለው። ሰዓዳ አሥራ አምስት ቀን ዕረፍት ነበራት፣ ሐሙስ እስኪመጣ አልሄድም ብላ ቀረች።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ይመር ፀሐይ ልሙቅ ብሎ ወረደ። ሊፍቱ ማስታወቂያውን ካልጨረሰ በሩን አይከፍትም፤ ስለዚህ የሕንፃው ሰው፣ አንካሳውም ሳይቀር፣ በደረጃ ነው የሚሄደው። ይመርም የብረቱን መደገፊያ ይዞ ከአራተኛ ፎቅ ቀስ እያለ ወረደ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ክው ብሎ ቆመ። አንዱ በር ገርበብ ብሏል፣ ከውስጥ ሐዋ ትናገራለች።

"ተይ እንጂ እቴ፣ ሾርባው በረደ። ሁለት ማንኪያ ብቻ ቅመሺና ልጅቱ ምን እንዳለችው እነግርሻለሁ።"

ይመር ያን ጊዜ ለተሰማው ስም መስጠት ይቸግራል። ቅናት ነው ቢባል ቅናት ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ለኔ ብቻ ወዬ ትላለች ብሎ የኖረ ሰው፣ ሚስቱን በሰው ቤት ሾርባ ስታጎርስ ሰማት። በሩን በምርኩዙ ቆረቆረ።

ይግቡ አለች አንዲት የደከመች ሴት። ወይዘሮ እልፍነሽ ትባላለች፤ ወድቃ ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ፣ ልጆቿ የሚሠሩት ሰመራ ስለሆነ፣ ለሕክምናው ይቀርባታል ብለው እዚህ ቤት ካስገቧት ሦስት ወሯ ነው። ሐዋን በሕይወት ሳለች አላወቀቻትም። ጎረቤት መጣልኝ ብላ ደስ አላት፣ ይቀመጡ አለችው፣ ያለችውን ብስኩት አቀረበችለት። ድምፁ ከየት መጣ ብሎ ሲጠይቃት፣ ለሙከራ ብለው በሕንፃው ቤቶች ያስገቡት ነው አለችው።

"ማን እንደሆነች አላውቅም" አለችው። "ግን ልንገርዎ፣ ከወደቅሁ ወዲህ እህል የሚባል አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር። ይቺ ሴትዮ ናት እየነዘነዘች ያስበላችኝ። ስጠራት ወዬ ስትለኝ፣ ሰው ያለ ይመስለኛል።"

ይመር ብስኩቱን እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ። የሚስቴ ድምፅ ነው ልበላት ብሎ አሰበና ተወው። ይቆጣ ዘንድ ነበር የገባው፣ ቁጣው ግን የት እንደገባ አላወቀም። አይዞዎት፣ ይበርቱ ብሎ ወጣ። ፀሐዩንም ሳይሞቅ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በማግስቱ ሰዓዳ ገበያ ስትወጣ ጠብቆ ሳጥኑ ፊት ተቀመጠ።

"ሐዋ።"

"ወዬ።"

ሁለተኛ ፎቅ ያለችውን ሴትዮ ታውቂያታለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። የቷን አለችው። የወደቀችውን፣ ሾርባ የምታበያትን አላት። ሳጥኑ ፊልሙን ካቆምንበት ልቀጥልልህ ወይ፣ ሾፌሬ፣ አለው። ይመር አንገቱን ደፋ። የሱ ሐዋ በአንድ ሕንፃ የታመመ ሰው እንዳለ ሰምታ ፊልሙን ልቀጥል አትልም። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወርዳ፣ የሴትዮዋን አንሶላ ቀይራ፣ የልጆቿን ስም ከነአባታቸው አጥንታ፣ ማታ እሱን እራቱን እያቀረበች ታሪኩን ትዘከዝክለት ነበር። ናፈቀችው። ድምፅዋ እዚያው ፊቱ እያለ እንዲህ ትናፍቀኛለች ብሎ አስቦ አያውቅም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ የድርጅቱ ሠራተኛ መጣች። ማህደር ትባላለች፣ ከሰዓዳ የምታንስ ልጅ ናት፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። በደንብ የለመደችውን ነገር በቀስታ አስረዳች። ከተመለሰ ምን እንደሚሆን፣ ከተቀመጠ ምን እንደሚሆን። ሰዓዳ አባቷ አጠገብ ተቀምጣ ጉልበቱን ይዛለች። ይመለስ እንዲል ትፈልጋለች፣ ደግሞም የእናቷ ድምፅ ዛሬ ከዚህ ቤት ለዘላለም ሲወጣ ማየት ትፈራለች፤ ሁለቱም ፊቷ ላይ ነበር፣ ይመር አያይም እንጂ።

በመጨረሻ ማህደር አንድ ነገር አለ አለች። ብዙ ቤተሰብ ከጮኸ በኋላ የተገኘ መብት ነው፣ ሳጥኑ የሚቀመጥ ከሆነ ቤተሰቡ አንድ ቃል ማስቀረት ይችላል። የተባለውን ቃል ድምፁ ከዚያ በኋላ የትም ቤት፣ እዚህም ቢሆን፣ አይናገረውም። አብዛኛው ሰው የቁልምጫ ስሙን ነው የሚያስቀረው አለች። አንድ ቃል፣ ከሰው ሙሉ ዕድሜ ውስጥ አንድ ቃል። ሰዓዳ ከት ብላ ልትስቅ ነበር፣ አባቷ እንደሚያስብ ስታይ ግን ተወችው።

ይመር ስለ ታችኛዋ ሴትዮ ጠየቀ። ቢመለስ የሷም ይጠፋል ወይ አለ። ይጠፋል አለች ማህደር። መጀመሪያ ሾፌሬ የምትለዋን ስም ሊያስቀር ነበር ያሰበው፤ አሁን ግን ሌላ ቃል መጣበት።

"ይቀመጥ" አለ። "ወዬን አስቀሪልኝ።"

ማህደር ቃሉን ልታስገባ ወደ ሳጥኑ የዘረጋችው ጣቷ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ሰዓዳ "አባዬ!" አለች።

"ስሚኝ ልጄ" አለ ይመር፣ ለየትኛቸው እንደሆነ ሳይለይ። "ፊልም ታውራ። ሾርባ ብሉ ትበል። ትራስም ትሽጥ፣ ምን ይደረጋል፣ ያልፈለገ አልፈልግም ይላታል። ወዬ ካለች ግን አልፈልግም አይባልም። አርባ አንድ ዓመት ስጠራ ወዬ ያለችኝ አንዲት ሴት ናት። እሷ የለችም።"

ሰዓዳ አባቷ ይቺን የመጨረሻዋን ቃል፣ የለችም የምትለዋን፣ ሲናገር የሰማችው ያን ቀን ነው። ለቅሶው ላይም አላለም፣ መቃብሩ ላይም አላለም። ትከሻው ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ እሱም ፀጉሯን ይዳብሳል። ማህደር ቃሉን አስገባች። ሥርዓቱ ስለሆነ ይሞክሩት እላለሁ፣ ካልፈለጉ ግን ይቅር አለች። ይመር እሞክራለሁ አለ።

"ሐዋ!"

ከጓዳ የማቀዝቀዣው ድምፅ ይሰማል። ከውጭ ጋሪ ደረጃውን እየቧጠጠ ይወጣል። ሳጥኑ ዝም እንዳለ ነው። ይመር ትንሽ ጠበቀ፣ ሁለተኛ ግን አልተጣራም። ሰዓዳ ዝምተኛውን ሳትነግረው ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ብስኩት በላስቲክ ይዞ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወረደ። ወይዘሮ እልፍነሽ ፊልሟን ከፍታለች፣ ሐዋ ስለ አንድ ሠርግ ታወራለች፣ የሙሽራው እናት ኮርታ አልበላ እንዳለች። ይመር ገብቶ ተቀመጠ። ወይዘሮ እልፍነሽ ስሞታ ነበራት።

"እንኳን መጡ። ይቺ ሴትዮ ከትናንት ጀምራ አኩርፋኛለች። ፊልሙን ታወራለች፣ ብይም ትለኛለች፣ ስጠራት ግን ዝም። ምን አድርጌ አስቀይሜያት ይሆን?"

የሳጥን ነገር ነው፣ ይበላሻል ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። አሳዘነችው።

"እኔ ነኝ የወሰድኩብዎ" አላት። "ባለቤቴ ናት። ሐዋ ትባላለች፣ በጥቅምት ነው ያረፈችው። ወዬዋን ለሰው መስጠት አልሆንልህ አለኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

ፊልሙ ላይ የሙሽራው እናት በመጨረሻ አንዲት ጉርሻ ተቀበለች፣ ሐዋም እሰይ አለች። ከዚያ ወይዘሮ እልፍነሽ ሳጥኑን አቁሚ አለችውና ቤቱ ጸጥ አለ። አፈር ስሆን፣ እኔ አላወቅሁም፣ ሳላውቅ አንቺ ሴትዮ፣ አንቺ ሴትዮ እያልኩ ስጣራ ከረምኩ አለች። አልጋው ላይ ቀና ብላ ትራሷን አስተካከለች፣ ይመርን ወንበርዎን ወደዚህ ያቅርቡ አለችው።

"እስቲ ስለሳቸው ያጫውቱኝ።"

ይመር ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። ሐዋን የሚያውቁ ሰዎች ያውቋታል፣ አይጠይቁም። ሰዓዳ እናቷን ከሱ እኩል ታውቃለች። ሳጥኑም ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሰማ ኖሮ አንድ ቀን ማን ነበረች ብሎ አልጠየቀም። የዛሬ አርባ ሁለት ዓመት፣ አለ ይመር፣ ባቲ ላይ፣ በሰኞ ገበያ፣ መኪናዬ ተበላሽታ መንገድ ዳር አቆምኩ። ሥሯ ገብቼ ስታገል አንዲት ሴት ምርኩዝ በሚያህል እንጨት ጎማውን ትደበድባለች። መኪናህ በርበሬዬን ፀሐይ ከለከለው፣ አንሳልኝ ትላለች። ተበላሽቶ ነው ብላት፣ እሱ ያንተ ጉዳይ ነው፣ ግፋው አለችኝ። ሁለት መቶ ኩንታል የጫነ መኪና ግፋው።

ወይዘሮ እልፍነሽ ሳቀች፣ ዳሌዋን ያዝ አድርጋ።

"ምን ለብሰው ነበር?" አለችው።

ይመር ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዓይኑ ላይ ወለል ብላ መጣችለት።

"ቢጫ ሻሽ" አለ። "እጇ ደግሞ እስከ ክርኗ በርበሬ ነው።"